ደረቅ ዋንዛ ፍለጋ

ባሌ የወደቀው ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በሚሰጥበት ሳምንት ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። ክፍል ውስጥ እየተዘዋወረ ተማሪዎቹን ሲፈትን ቀኝ እጁ ከዳው፤ የያዛቸው ወረቀቶች ተበተኑ፤ ጎንበስ ብሎ ሊለቅም ሲል እዚያው ቀረ አሉኝ። እኔ በዚያ ሰዓት መሥሪያ ቤቴ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አወርድ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። "መጣሁ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። አወቀኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከንፈሩን እንደምንም አላቅቆ የሆነ ነገር አለኝ፤ ምን እንዳለ ግን አልገባኝም።

ምላሱ ተሳስሮ መስሎኝ ነበር። አጠገባችን የነበረችው ነርስ ግን ብርጭቆ አንስታ፣ "ውሃ ስጪኝ ነው የሚሉሽ" አለችኝ። "በሀዲይኛ ነው የተናገሩት።"

እኔ የዳምቦያ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። እሱ ከጊምቢቹ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ነው፤ አፉን የፈታው በሀዲይኛ። ኮሌጅ ስንተዋወቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያወራነው በአማርኛ ነው። በአማርኛ ተፋቀርን፣ በአማርኛ ተኳረፍን፣ አንዲት ልጃችንን በአማርኛ አሳደግን። ሆሳዕና ውስጥ ሃያ ዓመት ስኖር ከሀዲይኛ የያዝኩት ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። እማራለሁ እያልኩ፣ ስላልቸገረኝ ተውኩት። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን፣ የተጎዳውም በግራ በኩል ያለው የአንጎሉ ክፍል መሆኑን ነገረኝ። አንዳንድ ሰው ላይ በኋላ የተማረው ቋንቋ ይጠፋና የልጅነቱ ይቀራል አለ። ይመለስ እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ጊዜ ነው የሚያሳየው" አለኝ። እኔ የምለውን ባሌ ይሰማል፣ ቢያንስ ግማሹን ይሰማል። ሲመልስልኝ ግን የሚመጣለት እኔ የማልሰማው ነው። እሱም ይህን እያወቀ ይናገራል፤ ተናግሮ ፊቴን ያያል፤ እንዳልገባኝ ሲያይ ዓይኑን ይከድናል።

ሦስት ሳምንት ተኝቶ ስንወጣ ቀኝ እግሩ ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ወጣት ባለሙያ ከመሄዳችን በፊት ወደ ጎን ጠራኝ።

"እናቴ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። አሁን በየቀኑ ቆመው ካልተራመዱ በኋላ ብንለፋም አንይዛቸውም። ቤት ውስጥ ሁለት አግዳሚ ያሠሩላቸው፤ መሃል ገብተው ግራና ቀኝ ይዘው የሚሄዱበት።"

"እንደዚህ ያለ?" አልኩት፤ ክፍሉ ውስጥ የቆመውን የብረት አግዳሚ እያሳየሁ።

"ብረት አይሁን። አይተዋል፣ ቀኝ እጃቸው መጨበጥ ስላቃተው ይንሸራተትባቸዋል። እንጨት ይሁን፤ ከላይ ጠፍጠፍ ያለ፣ ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት።"

"ምን ዓይነት እንጨት?"

"እሱን እኔ አላውቅም። ብቻ ትልቅ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት የማይላቀቅ፣ ስንጥር የሌለው። ከወደቁ ሌላ ጣጣ ነው።"

ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ አንድ ሳምንት አብራን ሰነበተችና ለፈተና ተመለሰች። እኔ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። ከዚያ አናጢ ፍለጋ ዞርኩ። ክረምት ነው፤ ያናገርኳቸው አናጢዎች ሁሉ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የሚያስረክቡት የተማሪ ዴስክ ይዘዋል። አንዱ "ከመስቀል በኋላ ነይ" አለኝ፤ ሌላው እንጨቱን ራሴ ካመጣሁ ያኔ እንነጋገራለን አለ። ከመስቀል በኋላ ማለት ከሁለት ወር በላይ ነው።

በቤታችን እንጨት የሚያውቀው ባሌ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ባለው ዳስ ሥር ሲልግ ይውል ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ ዱካዎቹ፣ የልጃችን አልጋ የእሱ እጅ ናቸው። መጋዙም መላጊያውም መሮውም በየቦታቸው ተሰቅለዋል። እኔ እስከዚያ ቀን ከመዶሻ ሌላ አንስቼ አላውቅም። መላጊያውን ከግድግዳው አወረድኩና በረንዳ ላይ ወደተቀመጠበት ወስጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። "እኔ ልሠራው ነው" አልኩት። "አንተ እያየህ ታሳየኛለህ።" በግራ እጁ ምላጩን ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ነበር። ከወደቀ ወዲህ ያን ዕለት ነው ፊቱ ሲፈታ ያየሁት።

እንጨት የሚገዛበትን ቤት አውቀው ነበር። ባለቤቱ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሠራተኞቹ ሴት ብቻዋን ስትገባ አይተው የቤት ክዳን የምትፈልግ መስሏቸው ወደ ባሕር ዛፉ ሊወስዱኝ ሲሉ ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ።

"የመምህሩ ባለቤት አይደለሽም? ቅዳሜ ቢቀርብኝ ምን ሆኖ ነው እያልኩ ነበር።"

ነገርኳቸው። ዱላቸውን አንስተው፣ "ነይ ልጄ፣ ተከተይኝ" አሉኝ።

ግቢውን እንጨት በእንጨት አዞሩኝ። ባሕር ዛፉ ጋ ቆሙ። "ይሄ ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን አያታልልሽ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ዛሬ ቀጥ ያለው በወሩ ቀስት ሆኖ ታገኚዋለሽ።" ግራቪሊያው ጋ ሲደርሱ በጥፍሬ እንድጫነው አዘዙኝ። ጫንኩት፤ ምልክቱ ቀረበት። "አየሽ፣ ለቁም ሳጥን ነው እንጂ ለሰው ክብደት አይሆንም።" ጥዱን አስሸተቱኝ። መልካም እንጨት ነው፤ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ክፉ ነው አሉ። "የቀኝ እጁ ቆዳ አይሰማውም አላልሽኝም? ስንጥር ገብቶ ቢያመረቅዝ እንኳ አያውቅም።" ወይራስ ብዬ ጠየቅሁ። "ወይራ ብረት ነው። ሦስት ሜትር ቀጥ ያለ ወይራ ግን ከየት ይመጣል? ያንቺ ነገር ዋንዛ ነው። ዋንዛ ወይ ዝግባ። አይሰነጠቅ፣ ምስጥ አይበላው፣ ከተላገ በኋላ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል።"

"እንግዲያው ዋንዛ ስጡኝ።"

"የለኝም" አሉ። ጥጉ ላይ ወደተደረደሩት፣ በአራት ማዕዘን ወደተሰነጠቁት ቀላ ያሉ ሞራሌዎች ባየሁ ጊዜ አንገታቸውን አወዛወዙ። "እሱ ዋንዛ ነው። ልሸጥልሽ እችል ነበር። ግን ባለፈው ወር ቅጠል የነበረው ነው።"

አንድ ደረቅ ጥድ አሸከሙኝ፤ ከዚያ ያንኑ የሚያህል ዋንዛ። ሁለተኛውን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። በዱላቸው ሁለቱንም መቱ። "ስሚ። ደረቅ ይጮሃል፤ እርጥብ ድምፁን ይውጠዋል። አሁን ጉንጭሽን አስጠጊ። ቀዘቀዘሽ? ውሃ አለበት። አሁን ብሎን ብታስገቢበት ይይዛል፤ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጫፉ ይከፈታል።"

"ለመድረቅ ምን ያህል ይፈጃል?"

"በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ በዚህ ዝናብ? አምስት ስድስት ወር።"

"አምስት ወር የለኝም፣ ሐጂ።"

"አውቃለሁ ልጄ። እንጨቱ ግን አያውቅም።"

ደረቅ ዋንዛ ከተገኘ እንደሚደውሉልኝ ነግረውኝ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። ሳምንት ጠበቅሁ። ሾኔ ገበያ ድረስ ሄጄ ጣውላ ሻጮችን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ ገና ከመጋዝ የወጣ ነው። በየጧቱ ባሌን ደግፌ አቆመዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ከባድ ነው፤ ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን እስከ አምሳ እቆጥርና አስቀምጠዋለሁ። በየቀኑ አንድ ቀን ከእጄ ሲያመልጥ ይታየኝ ነበር። ባለሙያው "ወሳኞቹ" ያላት ቃል ምግብ ስበላም አትለቀኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሸራ ሥር ጣውላ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ዋንዛ አለው። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ወፍራም።

"ደረቅ ነው?" አልኩት።

"ምን ነካሽ እህቴ፣ ዓመት አልፎታል።"

"ቀዝቃዛ ነው እኮ።"

"ዝናብ እያፈሰሰበት እንዴት ይሙቅ? ላዩን ነው የነካው።"

አነሣሁት፤ ከባድ ነበር። በጣቴ አንኳኳሁት። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርድ ስለነበር ድምፁን መለየት አልቻልኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ሰምቻለሁ፤ አልጮኸም። ግን ሰውየው ደረቅ ነው አለኝ፤ እኔም ደረቅ ነው የሚለኝ ሰው ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። ገዛሁትና በጋሪ አስጭኜ ቤት ገባሁ።

ባሌ በረንዳው ላይ ነበር። ሞራሌዎቹን ፊቱ አስደርድሬ አንዱን ጭኑ ላይ አጋደምኩለት። በግራ መዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን አሳረፈበት። ቀና ሲል አንድ ቃል ተናገረ፤ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ቃሉን ደገመው። እኔ "ይቅርብኝ፣ ተይኝ" ያለኝ መሰለኝ። ተስፋ መቁረጡ ነው አልኩ። ሐኪሙ ሐዘን ሊጫነው እንደሚችል አስጠንቅቆኝ ነበር።

"አይሆንም" አልኩት። "አንተ ብትተወው እኔ አልተወውም።"

እንጨቱን በመዳፉ ደጋግሞ መታው፤ ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ ተናገረ። ፊቱ ቀላ። ከአጥራችን ማዶ ሀዲይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ እናት ልብስ እያሰጡ ነበር። "ኧረ ምን እያለኝ ነው?" ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። አልጠየቅሁም። የሚለውን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ወይም ማወቅ አልፈለግሁም። እንጨቱን ከጭኑ ላይ አነሣሁና ወደ ዳሱ ወሰድኩት።

አራት ቀን ሠራሁ። መላጊያው በመጀመሪያ እየነከሰ አስቸገረኝ። ባሌ ወንበሩን ወደ ዳሱ እንዳስጠጋለት በእጁ ጠቆመና ተቀምጦ ያየኝ ጀመር። እንጨቱን በተቃራኒ ስልግ ምላሱን ያጮሃል፤ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አዙሪው ይለኛል። ሳዞረው መላጊያው ረጅም ጥቅልል እያወጣ ይሄዳል። ያ ቃል እየተነገረኝ እንኳ በነዚያ አራት ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን እንደታዘዘ ሰው ብቻ ነበር የሚያሳየኝ፤ ፊቱ እንደ መጀመሪያው ቀን አልተፈታም። ጎረቤታችን ባለሱቁ በመሰርሰሪያው ቀዳዳዎቹን በሳልኝ፤ አራቱን ቋሚዎች ከሰፋፊ መሠረት ጋር በብሎን አሠርን፤ አግዳሚዎቹን በላያቸው አስቀመጥን። ሳሎናችን ግማሹ በእነሱ ተያዘ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት እርምጃ ሄደ። በሳምንቱ ስድስት። በግራ እጁ ጨብጦ፣ ቀኝ ክንዱን አጋድሞ፣ እኔ ከኋላ ቀበቶውን ይዤ። ልጃችን ስትደውል "አባትሽ እየሄደ ነው" አልኳት፤ አለቀሰች። በየጧቱ ብሎኖቹ ላልተው አገኛቸውና በመፍቻ አጠብቃቸው ነበር። በየጧቱ አንድ ሁለት ዙር ይገባሉ። የአዲስ ዕቃ ነገር ነው እያልኩ አጠበቅኋቸው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አራተኛውን እርምጃ ሲያነሣ ከግራው አግዳሚ ጫፍ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንጨቱ ብሎኑ የገባበት ቦታ ላይ ለሁለት ተከፈለ። አግዳሚው ከቋሚው ተላቆ ወረደ፤ ባሌም ይዞት ወረደ። ቀበቶው ከእጄ አመለጠ። በግራ ጎኑ፣ በዘረጋው ግራ እጁ ላይ ነው የወደቀው።

አልጮኸም። ወለሉ ላይ ተጋድሞ የተከፈለውን እንጨት ያያል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን አስገባሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል።

ግራ አንጓው ተሰብሮ ነበር። ጄሶ ተደረገለት፤ ስድስት ሳምንት ተባለ። ቀኝ እጁ ከሰኔ ጀምሮ የለም፤ አሁን ግራውም ሄደ። ባሌ ምንም እጅ የሌለው ሰው ሆነ። አጎርሰው ነበር፣ ፊቱን አጥበው ነበር፣ ዝንብ ሲያርፍበት አባርርለት ነበር። ባለሙያው ቤት ድረስ መጥቶ አየውና "እንግዲህ ጄሶው እስኪወጣ መቆምም መራመድም የለም" አለኝ። ሂሳቡን እኔው ሠራሁት፤ ከወሳኞቹ ወራት የቀረን አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከቤት መውጣት ጠላሁ። መሥሪያ ቤት ስመለስ የማወርደውን ፋይል እረሳዋለሁ። ጸሎት ስጀምር ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በላይ አይሄድልኝም። አንድ ቀን ድስት እያጠብኩ "ምነው ያኔ ሰኔ ላይ በወሰደው" የሚል ሐሳብ በራሴ ውስጥ አለፈ። እጄን ከውሃው አውጥቼ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አማችዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ መውደቁን ሰምተው ከጊምቢቹ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ትንሽ ቃል የሚናገሩ ሰው። ሁለቱ በሀዲይኛ ቀስ እያሉ ሲያወሩ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ባሌ ከሁለት ወር በላይ ከእኔ ጋር ያልተናገረውን ያህል በአንድ ጊዜ ተናገረ። ከዚያ ጥግ ወደተከመረው የፈረሰ አግዳሚ በአገጩ አመለከተና ያን ቃል ተናገረ።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "እሷ ቃል ምን ማለት ናት?"

"የቷ?"

እንደምንም አስመስዬ ተናገርኳት። አማችዬ ወደ እንጨቱ ሄደው አነሡት፤ በእጃቸው መዘኑት።

"እርጥብ ነው ማለት ነው" አሉኝ። "እርጥብ ነው እያለሽ ነበር።"

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ያየኛል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ይቅር በለኝ" አልኩት በአማርኛ። የሰማኝ ይመስለኛል። አማችዬ እንጨቱን ጥጉ ላይ መልሰው አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ ያለፈው አልፏል። ጄሶው ሲወጣ የሚይዘው ያስፈልገዋል። ደረቅ እንጨት ፈልጊ፤ መገጣጠሙን እኔ አግዝሻለሁ" አሉኝ።

ከመስቀል አምስት ቀን ቀደም ብዬ፣ ባሌን ለወንድሙ ትቼ በሚኒባስ ዳምቦያ ወረድኩ። እናቴ ያለችው እዚያ ነው። ዋንዛ በየጓሮው፣ በየቡናው መሃል ቆሟል፤ ግን ቁሙን ምን አደርገዋለሁ? አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ቢፈቀድስ ሲቆረጥ እርጥብ ነው። ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። ከማሳዋ የቆረጠችውን ጎመን እየመረጠች ሰማችኝ።

"ደረቅ ነው የምትፈልጊው?"

"ደረቅ ዋንዛ ወይ ዝግባ። ሦስት ሜትር።"

"ቤተ ክርስቲያናችን የፕላስቲክ ወንበር ገዝቷል" አለች። "የድሮዎቹ የዋንዛ አግዳሚ ወንበሮች ከጀርባ ተቆልለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ የተቀመጥኩባቸው ናቸው።"

አብረን ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኗል። የአንዱን መደገፊያ በጣቴ አንኳኳሁት። ጮኸ። ጥፍሬን ጫንኩት፤ ጥፍሬ ታጠፈ። ጉንጬን አስጠጋሁ። አልቀዘቀዘኝም። ላዩ የብዙ ሰው ጀርባና እጅ ያለሰለሰው ነው፤ ስንጥር ብትፈልግ አታገኝበትም። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ስብሰባ ነበራቸው። አስገቡኝና በከምባትኛ ተናገርኩ። አንደኛው ሽማግሌ አልተስማሙም።

"ይሄ ለጌታ የተሰጠ ዕቃ ነው" አሉ። "ዛሬ አንድ ሰው ለበሽተኛ ብሎ ይወስዳል፤ ነገ ሌላው ለአጥር ብሎ ይመጣል። ደግሞ ለገጠር ጸሎት ቤት ልንሰጠው አስበናል።"

ትክክል ናቸው። "ሌላ የምሄድበት የለኝም" ብቻ አልኩ። ቁጭ ብዬ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ጸሐፊያቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ስንት ነው የሚያስፈልግሽ?"

"ሁለት ወንበር።"

"ሦስት ትውሰድ" አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። "ለቋሚውም ደረቅ ካልሆነ ያው ነው። ለገጠሩ የሚቀረው ይበቃል።" እምቢ ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን አላነሡም፤ አልተቃወሙምም። በኋላ ወንበሮቹን ሚኒባሱ ላይ ስናስጭን ግን ገመድ ይዘው መጡና ራሳቸው አሠሩት።

አማችዬ ወንበሮቹን ሲያዩ ኮታቸውን አወለቁ። ሚስማሮቹን ነቅለን፣ መደገፊያዎቹን ለአግዳሚ፣ መቀመጫዎቹን ለቋሚና ለመሠረት አደረግን። የመደገፊያዎቹን ላይ አልላግነውም፤ የሚላግ አልነበረውም። ከመገጣጠማችን በፊት አንዱን ወደ ባሌ ወሰድኩት። ከጄሶው የወጡትን ጣቶቹን አስነካሁት፤ ጉንጩ ላይ አስጠጋሁለት። ጠበቅሁ። ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። ወደ አማችዬ ዞሬ "ምንም አላለም?" አልኩ። "አላለም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ሳይገባኝ አልተንቀሳቀስኩም። ከአጥሩ ማዶ ያሉትን እናት በቀን አሥር ጊዜ ጠርቻቸዋለሁ። ማታ ማታ ቃላት ያስጠኑኝ ጀመር።

ጄሶው ጥቅምት ላይ ወጣ። ግራ እጁ ቀጥኖ ነበር፤ መጨበጥ እንደገና መማር ነበረበት። እግሩም ነሐሴ ላይ የነበረበት ቦታ አልጠበቀንም። መጀመሪያ ቀን አግዳሚዎቹ መሃል አቆምነው፤ አማችዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንድ እርምጃ ሄደና ጉልበቱ ታጠፈ። ክብደቱን በሙሉ አግዳሚው ላይ ጣለ። አግዳሚው ንቅንቅ አላለም። አማችዬ በዚያ ሳምንት ለእህል አጨዳ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ሁለት ዓመት ሆነው። ብሎኖቹን አንድ ጊዜም አላጠበቅኋቸውም። ባሌ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ሰባት እርምጃ ይሄዳል፤ ዞሮ ለመመለስ እኔ እፈልጋለሁ። ከአግዳሚዎቹ ውጭ አይራመድም። ቀኝ እጁ አልተመለሰም። ከአማርኛው ጥቂት ቃላት ተመልሰዋል፤ የቁጥሮቹ ስሞች ግን አልመጡም፤ ሒሳብ ማስተማር የሚባል ነገር የለም። እኔ አሁን ሀዲይኛ እሰማለሁ። ስናገር ይስቅብኛል።

ባለፈው ዓመት ባለሙያውን አግኝቼው ጠየቅሁት። ነሐሴ ላይ ባይወድቅ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ባይባክን፣ ዛሬ ውጭ ይሄድ ነበር ወይ?

"እናቴ፣ እሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም" አለኝ።

ሊያጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም። ሌሎች ሰዎችም አንቺ ያቅምሽን አድርገሻል ይሉኛል፤ ያቅሜን ማድረጌን አውቃለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያሉትን እናት መጥራትም አቅሜ ነበር።

ዛሬ ጧትም ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አስነሣሁት። ሰባት እርምጃ ሄደ። ስምንተኛውን ሊያነሣ ሞከረና ቆመ፤ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ወንበሩን አመጣሁለት።